ነፍሰ ገዳይ በመልክ ይመረጣልን? ስለ አማተር ቴአትርና ስለ ተዋንያን መረጣ

ስለ አማተር ቴአትር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ጎራ ለይተው ይቆማሉ። አንደኛው ወገን፣ የዕለት ሥራውን ጨርሶ ማታ ማታ በአዳራሽ እየተሰበሰበ ተውኔት የሚያጠና ሰው የሚሠራው ሥራ ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ኪነ ጥበብ ስላልሆነ፣ ማን የትኛውን ድርሻ ያዘ ብሎ መከራከር ከንቱ ድካም ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቡድኑ ያነሣው ተውኔት የግድያ ምስጢር የሚፈታበት፣ ተመልካቹን «ገዳዩ ማን ይሆን?» እያሰኘ የሚያስከትል የወንጀል ምርመራ ታሪክ ከሆነ ገና ከርእሱ ፊቱን ያዞራል፤ በከበርቴ ሳሎን ውስጥ የተፈለሰፈ እንቆቅልሽ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይድለታል ሲልም ይጠይቃል። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ስሕተታቸው የሚገናኝበት ነጥብም አለ፤ ይኸውም መጋረጃ ከመከፈቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት፣ ብርሃንና ልብስ በሌለበት፣ በአንድ ወይም በሁለት ምሽት የሚፈጸመውን የተዋንያን መረጣ ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ነው።

ከቁም ነገር የማይቆጠረው ይህ ምሽት ግን የተውኔቱን ዕድል ይወስናል። ከዚያም አልፎ አንድ ማኅበረሰብ ሰውን በምን ሚዛን እንደሚመዝን ያጋልጣል።

የግድያ ምስጢር ተውኔት ሥሩን የሰደደው በእንግሊዝ አገር ስለሆነ ነገሩን እዚያው ባለበት መመልከት ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» በ1947 ለሬዲዮ ከተጻፈ አጭር ድራማ ተነሥቶ፣ በኦክቶበር 1952 በኖቲንግሃም ከተማ፣ በኖቬምበር ደግሞ በለንደን አምባሳደርስ ቴአትር ለመድረክ በቃ። በ1974 ወደ ሴንት ማርቲንስ ቴአትር ተዛወረ፤ የኮሮና ወረርሽኝ በማርች 2020 እስኪያቋርጠው ድረስ ሲታይ ቆይቶ በሜይ 2021 እንደገና ተከፈተ። የዚህ ዓይነቱ ተውኔት ሰፊ ኑሮውን የመሠረተው ግን በለንደን ቴአትር ቤቶች ሳይሆን በየሰፈሩና በየአጥቢያው አዳራሽ፣ ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች እጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚፈጸም የመድረክ ዕቃ መለዋወጥ አያስፈልግም። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ የሚደርሱ ተዋንያንን ያሳትፋል፤ ተጠርጣሪ የሆነ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተመልካቹ ዓይን ስለሚያርፍበት ድርሻዎቹ ከሌላ ተውኔት ይልቅ ይቀራረባሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቲኬቱ ይሸጣል። ባለፈው ዓመት ከባድ ሥራ አቅርቦ የከሰረ ቡድን የአዳራሹን ኪራይና የጣሪያውን ማስጠገኛ የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው አንድ የአማተር ቡድን በምን እንደሚኖር አያውቅም።

ታዲያ ማስታወቂያው ይወጣል፤ ምሽቱ ይደርሳል። በአዳራሹ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ከኋላው አዘጋጁና ሁለት ወይም ሦስት የኮሚቴ አባላት ይደረደራሉ። የመጣው ሰው ቅጽ ይሞላል፤ ስሙን፣ ልምዱን፣ የማይመቹትን ምሽቶች፣ የሚፈልገውን ድርሻ ይጽፋል። ከዚያም የተውኔቱ ቅጂ ይሰጠውና ያላጠናውን ሁለት ገጽ ቆሞ ያነባል። «እናመሰግናለን፣ እናስታውቅዎታለን» ይባላል። ቀጣዩ ይጠራል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ በመጀመሪያ ሊነቀፍ የሚገባው የይስሙላው መረጣ ነው። ማስታወቂያው ለሁሉም ክፍት ነው ይላል። አዘጋጁ ግን መርማሪውን ለአሮጌ ጓደኛው፣ የቤቱን እመቤት ለሊቀ መንበሩ ባለቤት፣ ሐኪሙን አምና ገንዘብ ላዋጣው ነጋዴ በሻይ ሰዓት አድሎ ጨርሷል። ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው ተብሎ የተጠራው ሰው ሜዳው ላይ ሲደርስ ፈረሱን ሌላው ጋልቦት ሄዷል። ከፈረቃ የወጣች አስታማሚ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጥታ፣ ተሰልፋ፣ አንብባ ስትመለስ የተሰረቀባት አንድ ምሽት ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ዓመት አትመጣም፤ ጓደኞቿንም አታመጣም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቡድን «ወጣቱ ለቴአትር ፍቅር የለውም» እያለ ያማርራል። ወጣቱን ከበሩ የመለሰው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም።

ለዚህ አሠራር የሚቀርበው መከላከያ የታወቀ ነው፤ መርማሪው ከመጀመሪያው ገቢር እስከ መጨረሻው መድረኩን ተሸክሞ የሚሄድ ስለሆነ አዘጋጁ የሚተማመንበት ሰው ያስፈልገዋል ይባላል። እውነትነት አለው። እንዲህ ከሆነ ግን «ይህ ድርሻ ተይዟል» ብሎ በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ነውር አይደለም፤ የሚጽፉ ቡድኖችም አሉ። ነውሩ የተያዘውን እንዳልተያዘ አስመስሎ ሰው መሰብሰብ ነው። በአማተር ቡድን ውስጥ የሚብላላው ቅናት ምን ያህል እንደሚመርር የተረዳችው ኒውዚላንዳዊቷ ናዮ ማርሽ በ1939 ባሳተመችው ልብ ወለድ የአንዲት መንደር የቴአትር ዝግጅት የግድያ መንስኤ እንዲሆን አድርጋ ጽፋለች። ማርሽ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ብቻ ሳትሆን በክራይስትቸርች ከተማ ለዓመታት የተማሪዎችን ቴአትር ያዘጋጀች ሰው ስለነበረች የምትናገረውን ታውቃለች።

ከይስሙላው መረጣ የከፋ ሌላ በሽታ አለ፤ የከፋ የሚሆነውም ቅን ልቦና ያላቸው አዘጋጆች ሳይቀሩ ስለሚያዙበት ነው። እሱም በመልክ መምረጥ ነው።

ኢጣሊያዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ በተፈጥሮው ከሌላው ሰው የተለየ ነው፤ በመንጋጋው፣ በግንባሩ፣ በጆሮው ቅርጽ ይታወቃል ሲል አስተማረ። ትምህርቱ በመላው አውሮፓ ተሠራጨ። በእንግሊዝ አገር የወህኒ ቤት ሐኪም የነበረው ቻርልስ ጎሪንግ ሦስት ሺህ ያህል እስረኞችን አስለክቶና መርምሮ በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ ሎምብሮዞ የሚለው ልዩ የወንጀለኛ አካል እንደሌለ አሳየ። ይሁን እንጂ በሳይንስ አደባባይ የተረታው ሎምብሮዞ በተዋንያን መረጣ አዳራሽ ገና ዙፋኑን አልለቀቀም። ፊቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ከጠረጴዛው በስተኋላ ያሉት ይተያያሉ፤ ገዳዩ ተገኘ! ያልታደለው ሰው አንድ ቃል ሳያነብ ተፈርዶበታል።

ውጤቱ ምን ይሆናል? መጋረጃው በተከፈተ በአሥረኛው ደቂቃ ተመልካቹ ገዳዩን ያውቀዋል። ደራሲው በየገጹ ያጠመደው ወጥመድ፣ ያሰናዳው የሐሰት ፍንጭ፣ የተከለው ጥርጣሬ ሁሉ በአንድ ፊት ተበልቶ ያልቃል። ይህን የተረዳና ብልህ ነኝ የሚል ሌላ አዘጋጅ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የሚያስፈራውን ሰው ንጹሕ አድርጎ፣ መልአክ የመሰለችውን ልጅ ገዳይ አድርጎ ይመድባል። ይህም ያው ነው። ካባን ገልብጦ መልበስ ካባ መቀየር አይደለምና። ሁለቱም አዘጋጆች በፊት ላይ የተጻፈ ነገር አለ ብለው ያምናሉ፤ ልዩነታቸው አንዱ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሌላው ከኋላ ወደ ፊት ማንበቡ ብቻ ነው። የወንጀል ምርመራ ተውኔት ሥነ ጥበባዊ መሠረቱ ግን በትክክል የዚህ ተቃራኒ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው፣ የተከበረውም ጨዋውም፣ እጁ በደም ሊነከር ይችላል ይላል። ይህን ሐሳብ በመድረክ የሚሰብክ ቡድን በመረጣው ምሽት ራሱ ካልተቀበለው ሥራው ከንግግሩ ይጋጫል።

መልክን የሚከተለው አነጋገር ነው። በእንግሊዝ አገር የለንደን ባለጸጎች አነጋገር የሜጀሩ፣ የሐኪሙና የዳኛው መለያ ሆኖ ሲቆጠር፣ የሰሜኑ ሠራተኛ ወይም የገበሬው አነጋገር ለአሽከር፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛና ለበታች ፖሊስ ይተዋል። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ድምፅ ደግሞ ወዲያው ጥርጣሬ ያመጣል። «የአይጥ ወጥመድ» ውስጥ መኪናዬ በበረዶ ተገለበጠ ብሎ በሌሊት ወደ እንግዳ ማረፊያው የሚገባው ፓራቪቺኒ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የተሠራው በዚሁ ጭፍን ጥላቻ ላይ ነው፤ ተመልካቹ አገሩ የማይታወቅን ሰው ከመጠርጠር ወደ ኋላ እንደማይል ደራሲዋ ታውቃለች። (ሰውየው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን እዚህ አይነገርም፤ በዚያ ቴአትር ምስጢሩን ይዞ እንዲወጣ ተመልካቹ በየምሽቱ ይለመናልና።) ክሪስቲ በጭፍን ጥላቻው ስትጫወትበት እሷ ራሷም ከዘመኗ ጭፍን ጥላቻ ነጻ አልነበረችም። አሥር ሰዎች በአንዲት ደሴት ላይ ተራ በተራ የሚያልቁበት የ1939 ልብ ወለዷ በእንግሊዝ የታተመበት የመጀመሪያ ርእስ ጥቁር ሕዝብን የሚያንቋሽሽ ቃል የተሸከመ ስለነበረ በ1940 በአሜሪካ ሲታተም ተለውጧል። አሁን «ከዚያም አንድም አልቀረ» በሚል ትርጉም በሚሄደው ርእስ ይታወቃል። ይህን ታሪክ የያዘ ተውኔት የሚመርጥ ቡድን ታሪኩን ሳያውቅ ድርሻ ማደል የለበትም።

ነገሩ የባሕር ማዶ ጉድ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ በአማርኛ መድረክም ዘበኛና የቤት ሠራተኛ በተባሉ ቁጥር አማርኛውን የሚያጣምም፣ የገጠር ወይም የሌላ ብሔረሰብ ቃና ያለው ሰው ለማሳቂያ መፈለግ የቆየ ልማድ ነው። ተማረ የተባለው ገጸ ባሕርይ የአዲስ አበባን አማርኛ ይናገራል፤ የሚሳቅበት ሌላውን ይናገራል። ይህ ምደባ በደራሲው ብዕር ላይ ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ዝም ያለውን አዘጋጁ በመረጣው ምሽት ይሞላዋል።

ስለ አሽከርና ስለ ገረድ ከተነሣ ዘንድ አንድ ተውኔት በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ የጄ. ቢ. ፕሪስትሊ «መርማሪው መጣ»። ይህ ሥራ የወንጀል ምርመራን መልክ ይዞ የተነሣ፣ በአማተር ቡድኖች ዘንድም እጅግ የሚወደድ ነው። በለንደን ባዶ ቴአትር ስላልተገኘለት በመጀመሪያ የታየው በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነበር፤ ለንደን የገባው በ1946 ነው። ለአማርኛ ተመልካች ያደረሰው ለንደን ተምሮ የተመለሰው መንግሥቱ ለማ ሲሆን፣ በውርስ ትርጉም «ባለካባና ባለዳባ» ብሎታል። ታሪኩ በ1912 በአንድ የፋብሪካ ባለቤት ቤት የልጁ መታጨት በሚከበርበት ምሽት ይፈጸማል። አንድ መርማሪ ይገባና መርዝ ጠጥታ ስለሞተች ልጃገረድ ይጠይቃል። ልጅቱ ሃያ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ የነበረው የሳምንት ደመወዝ ሃያ አምስት እንዲሆን ከጓደኞቿ ጋር ስለ ጠየቀች ከፋብሪካው የተባረረች ሠራተኛ ናት። ከማዕዱ ዙሪያ ከተቀመጡት ውስጥ በሞቷ እጁ የሌለበት የለም። ልጅቱ ራሷ ግን በመድረኩ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አትታይም።

በመረጣው ምሽት ለዚህ ተውኔት የሚመጡት ወንዶች ሁሉ መርማሪውን ይመኛሉ። ሴቶቹ የባለቤቱን ልጅ ወይም እናትየዋን ይመርጣሉ። ሰባተኛዋ ድርሻ ኤድና ናት፤ ገረዲቱ። የምትናገረው ጥቂት ቃል ነው። በቅጹ ላይ ለእሷ ምልክት የሚያደርግ አይገኝምና፣ ዝርዝሩ ሊዘጋ ሲል አዘጋጁ ዙሪያውን አይቶ፣ ድርሻ ላልደረሳት ልጅ ወይም የሻይ ዕቃ ለምታጥበው የኮሚቴ አባል ይሰጣታል። ይህን ያደረገ አዘጋጅ ተውኔቱን አላነበበም! የሞተችው ሠራተኛ በመድረክ ላይ የላትም ማለት ሠራተኛው መደብ በመድረክ ላይ የለም ማለት አይደለም፤ ኤድና አለች። መጋረጃው ሲከፈት ጌታዋ ስለ ወይን ጠጁ ጥሩነት ሲደሰኩር ሳህኑን የምታነሣው፣ ብርጭቆውን የምታቀርበው እሷ ናት። መርማሪው መምጣቱን የምታስታውቀውም እሷ ናት። ተመልካቹ ያላያትን ልጅ በዓይነ ኅሊናው ሲፈልግ የሚያርፍበት አካል የኤድና አካል ነው። ስለዚህ የዚህች ተዋናይት ትከሻ፣ እጅ፣ አረማመድ የተውኔቱን ግማሽ ትርጉም ይሸከማል። የፋብሪካውን ባለቤት ልጅ ልትጫወት የመጣች ሴት ሁሉ አስቀድማ ሳህን ይዛ እንድትገባ፣ ጌቶቹ ሲያወሩ እንድታነሣ፣ እንድትወጣ ቢደረግ ሁለት ገጽ ከማንበቧ የበለጠ ይታወቅባታል።

ይህም ወደ ዋናው የሙያ ጥያቄ ይወስዳል። የግድያ ምስጢር ተውኔት የሚጠይቀው ችሎታ ከሌላው ልዩ ሲሆን፣ የተለመደው መረጣ ይህን ችሎታ አይፈትንም። በሳሎኑ ውስጥ ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ይናገራል፤ ሰባቱ ዝም ይላሉ። በሌላ ተውኔት የተመልካቹ ዓይን የሚናገረውን ይከተላል። እዚህ ግን ተመልካቹ ራሱ መርማሪ ሆኗልና ዓይኑ የሚዞረው ዝም ወዳሉት ነው፤ የሟቹ ስም ሲጠራ ማን ደነገጠ? ማን ብርጭቆውን አስቀመጠ? ማን ሳያስፈልግ ፈገግ አለ? ንግግር ሲሆንለት እንደ ምንጭ የሚፈስስ ተዋናይ ተራው ሲያልፍ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ከሆነ ተውኔቱን ይገድለዋል፤ ግድያውም ምስጢር የለውም። ሁለት ገጽ አስነብቦ የሚያሰናብት መረጣ የሚለካው አንደበትን ነው። የሚያዳምጥን ሰው ለማግኘት ግን አራት ወይም አምስት ሰዎችን በአንድነት ማስቀመጥ፣ አንዱ ሲያነብ ሌሎቹን መመልከት፣ ከዚያም ድርሻቸውን አለዋውጦ እንደገና ማስነበብ ያስፈልጋል። የአዘጋጁ ዓይን ከሚያነበው ላይ መነሣት አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅጂው ላይ አቀርቅሮ የሚያዳምጥ የኮሚቴ አባል ስንቱን አዳማጭ ተዋናይ ሳያየው አሰናብቷል!

ሌላም አለ። በዚህ ተውኔት ገዳዩ የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። አንድ ጊዜ ምስጢሩን በማያውቅ ጆሮ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነገሩን በሚያወጣና በሚያወርድ ተመልካች ኅሊና። በመጀመሪያው ጊዜ ተራ የነበረው «ሌሊቱን አልተኛሁም» የሚል ቃል በሁለተኛው ጊዜ አስደንጋጭ መሆን አለበት፤ ተዋናዩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን የሚችል ሰው የሚታወቀው ያንኑ አንቀጽ አንድ ጊዜ ጥፋቱን እንደሚያውቅ ሰው፣ አንድ ጊዜ እንደ ንጹሕ ሰው እንዲያነብ ሲጠየቅ ነው። ልዩነቱን አጋንኖ የሚያሳይ፣ በመጀመሪያው ንባብ ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ፣ ለገዳይነት አይበቃም። ልዩነቱ ለአዳማጩ እምብዛም የማይታወቅለት፣ ለራሱ ግን የሚታወቅበት ሰው እሱ ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያለ ሰው ረጅም ይሁን አጭር፣ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ሾፌር ይሁን መምህር ለጉዳዩ አንድ ነው። ለዚህ ነው መልክን የሚመርጥ አዘጋጅ በፖለቲካው ብቻ ሳይሆን በሙያውም የሚረታው።

የወንጀል ምርመራን ተውኔት የናቀው ወገን በዚህ ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል። ሁሉም ተንኮል ለምን ለአንድ ባዶ እንቆቅልሽ? ይል ይሆናል። መልሱ፣ ባዶ አይደለም የሚል ነው። በ1945 በእንግሊዝ አገር በአንድ የገበሬ ቤት በአደራ የተቀመጠ ዴኒስ ኦኒል የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በረኃብና በድብደባ ሞተ። ነገሩ አገሪቱን አናወጠ፤ የመንግሥት ምርመራ ተደረገ፤ ከእሱና ከተከታዩ ጥናት በኋላ በ1948 የሕፃናት ሕግ ወጣ። «የአይጥ ወጥመድ» የተነሣው ከዚህ ልጅ ታሪክ ነው። የበረዶው ሌሊት፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ የተቆረጠው ስልክ ሁሉ ማባበያ ነው፤ ከሥሩ ያለው ኅብረተሰቡ አደራውን የበላበት ልጅ ነው። ይህን የማያውቅ ቡድን ለተዋንያኑ የሚሰጠው ጺምና ፒፓ ብቻ ይሆናል። በርቶልት ብሬሽትም ቢሆን የወንጀል ልብ ወለድን አዘውትሮ ያነብ ነበር፤ አንባቢው እንዲያስብ፣ ከፍንጭ ወደ ምክንያት እንዲሄድ ያስገድደዋል ብሎ ስለ ቅርጹ በአክብሮት ጽፏል። ብሬሽት ያላፈረበትን ማፈር ታላቅነት አይሆንም።

አማተርነት ራሱ ሊናቅ የማይገባው መሆኑን ለማሳየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1887 በፓሪስ «ነጻ ቴአትር»ን ያቋቋመው አንድሬ አንቷን የጋዝ ኩባንያ ጸሐፊ ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ ግን የለንደኑ ዩኒቲ ቴአትር ነው። በ1936 የተመሠረተው ይህ የሠራተኞች ቴአትር በ1937 አንድ አሮጌ ጸሎት ቤት በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት አድሶ ገባበት። ተዋንያኑ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ስማቸውም በመርሐ ግብሩ ላይ አይጻፍም ነበር። በ1938 በዓለም የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ ድምፃዊና ተዋናይ ፖል ሮብሰን የትላልቆቹን ቴአትር ቤቶች ግብዣ ትቶ ወደዚህ አዳራሽ መጣና በአንድ የኒውዮርክ ከረሜላ ፋብሪካ ስለሚደረግ የሥራ ማቆም አድማ በተጻፈ ተውኔት ውስጥ ተሰለፈ። ድርሻው የተጻፈው ለነጭ ተዋናይ ነበር። ሮብሰንን ለዚያ ድርሻ የመረጠ ሰው ፊት አላነበበም፤ ሥራውን አነበበ እንጂ። ከዚያ አዳራሽ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም ግን የአማተር ቡድን አዘጋጅ «ይህ ሰው ጥሩ ያነባል፤ ነገር ግን ሜጀሩን አይመስልም» ሲል ይሰማል። ሜጀሩን የሚመስለው ማነው? ሜጀር የሆነ ሰው ያውቅ ይሆናል።

አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም፤ የሴቶች ጉዳይ። በአማተር ቡድን የመረጣ ምሽት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በዝተው መምጣታቸው የታወቀ ነው። የሚመጡበት ተውኔት ግን ሌላ ይላል። «የአይጥ ወጥመድ» አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ የደሴቷ ተውኔት ስምንት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ «መርማሪው መጣ» አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ይፈልጋሉ። ስለዚህ ደህና ያነበበች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሲንተባተብ ያነበበ ወንድ ሐኪም ሆኖ ይቀራል። አዘጋጁ በዚህ ያዝናል፤ ተውኔቱን የመረጠው እሱ መሆኑን ይረሳል። በማኅበሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ተውኔት መምረጥ ሰውየውን ሳይለኩ ልብስ መስፋት ነው። ሐኪሟን ሴት፣ ዳኛዋን ሴት ማድረግ የሚፈልግ ቡድን ለባለ መብቱ አስቀድሞ ይጻፍ፤ የመድረክ ፈቃዱ ጽሑፉን ሳያስፈቅዱ መለወጥን ይከለክላልና። ፈቃድ ከተነፈገ ሌላ ተውኔት ይፈለግ። የግድያ ታሪክ በእንግሊዝ ሳሎን ብቻ አልተጻፈም፤ ደራስያንም አሉ፤ እያንዳንዱ ቀበሌ የሚያውቀው ያልተፈታ ምስጢርም አያጣም።

በመጨረሻ የሚቀሩት ያልተመረጡት ናቸው። ሃያ ሰው መጥቶ ስምንት ቢመረጥ አሥራ ሁለቱ ምን ይሁኑ? በብዙ ቡድኖች የተመረጡት ዝርዝር ከአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል፤ የቀሩት መጥተው ስማቸውን ያጡታል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ብልሃትም የለውም። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ለእያንዳንዳቸው በግል ይነገራቸው፤ ሲነገራቸውም ድምፃቸው ከአዳራሹ ጀርባ አለመሰማቱ ይሁን፣ የተመረጠው ሰው በምን እንደበለጣቸው ይሁን፣ ምክንያቱ በግልጽ ይነገራቸው። አስታዋሹ ማን ነው? በሁለተኛው ገቢር ትክክለኛዋ ቅጽበት ላይ መብራቱን የሚያጠፋው፣ ጥይቱን ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስተኩሰው ማን ነው? የግድያ ምስጢር ተውኔት በእነዚህ እጆች ላይ የተንጠለጠለ ነውና እነዚህም ሥራዎች በዚያው ምሽት፣ በዚያው ቅጽ ላይ፣ ከመርማሪው ድርሻ ጎን ተጽፈው ለምርጫ ይቅረቡ። ኤድና ደግሞ ከዝርዝሩ አናት ላይ ትጻፍ።